ፋብሪካው የውጭ፣ ጭሱስ የማን?

የማታ ዜና ስትከፍቱ ሁለት ነገር ተከታትሎ ይመጣል። መጀመሪያ አንድ ባለሥልጣን ሪባን ሲቆርጡ ታያላችሁ። የውጭ ባለሀብት ፋብሪካ ከፍቷል፣ ይህን ያህል ሺህ ሰው ይቀጥራል፣ ኢኮኖሚው ያድጋል። ትንሽ ቆይቶ ስለ ድርቅ ወይም ስለ ጎርፍ ይወራል። አንድ ባለሙያ ይቀርብና «የካርቦን ልቀት መቀነስ አለበት» ይላል። ሁለቱ ዜናዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁ አይመስሉም። ቅድም የተመረቀው ፋብሪካ ልቀቱን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? የሚል ጥያቄ ማንም አያነሳም።

መልሱ «እንደ ሁኔታው ነው» የሚል ነው። ይህ ደግሞ ከመልስ አይቆጠርም። ስለዚህ ሁኔታዎቹን ራሳቸውን እንያቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የካርቦን ልቀት ሲባል ምን ማለት ነው?

ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ የድንጋይ ከሰል፣ እንጨት፤ ሁሉም ውስጥ ካርቦን አለ። ሲነዱ ካርቦኑ ከአየር ኦክስጅን ይወስድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም። አንድ ሊትር ቤንዚን ብትመዝኑት አንድ ኪሎ አይሞላም። ሲቃጠል ግን 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ስሌቱ የተሳሳተ ይመስላል፤ አልተሳሳተም። ትርፉ ክብደት ከአየር የተወሰደው ኦክስጅን ነው።

ጋዙ ለምድር እንደ ጋቢ ነው። ከፀሐይ ያገኘችው ሙቀት ሁሉ ወደ ሕዋ እንዳያመልጥ ይይዝላታል። ጨርሶ ባይኖር ምድር በረዶ ትሆን ነበር። ችግሩ በጋቢ ላይ ጋቢ መደረቡ ነው። ሚቴንም የዚሁ ዘመድ ነው። ከብት ሲያመሰኳ የሚያገሳው ጋዝ ማለት ነው። በ100 ዓመት ሲሰላ አንድ ኪሎ ሚቴን ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ስለዚህ «ልቀት» ሲባል ፋብሪካን ብቻ የምታስቡ ከሆነ በሬውን ረስታችሁታል።

በ2023 ዓለም ከነዳጅ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከሲሚንቶ 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቀቀች። ለሰው ሁሉ ቢካፈል በነፍስ ወከፍ ከ4.5 ቶን በላይ ይደርሳል። የአሜሪካዊው ድርሻ 14 ቶን ገደማ ነው። የኳታር ነዋሪ ከ30 ቶን ያልፋል። የኢትዮጵያዊው 0.2 ቶን አይሞላም። አንድ አሜሪካዊ በአምስት ቀን የሚለቀውን የእኛ ሰው በዓመትም አይለቀውም።

ቨርጂኒያ ወይም ዶሃ የሄደ ዘመድ ካላችሁ ይህን በእሱ ላይ ማየት ትችላላችሁ። እዚያ በደረሰ በጥቂት ወር ልቀቱ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ጠባዩ ተለውጦ አይደለም። በየቀኑ የሚነዳው መኪና፣ የቤቱ ማሞቂያ ወይም ማቀዝቀዣ፣ ከግድግዳው የሚመጣው መብራት ናቸው የተለወጡት። ይህን ሰውዬ ያዙት፤ ስለ ፋብሪካ ስናወራም ይመለሳል።

ኢኮኖሚ ሲያድግ ልቀት ለምን ይጨምራል?

ቤታችሁ ድግስ አለ እንበል። በወትሮው በሳምንት 20 እንጀራ ይበቃችኋል፤ አሁን 200 ያስፈልጋል። ምጣዱ የእንጨት ከሆነ አሥር እጥፍ እንጨት፣ አሥር እጥፍ ጭስ ነው። ይህ የብዛት ጉዳይ ነው። ኢኮኖሚ ሲያድግም መጀመሪያ የሚሆነው ይኸው ነው። ብዙ ቤት ይሠራል፣ ብዙ ዕቃ ይጓዛል፣ ብዙ ይቃጠላል።

ግን ምን እንደተደገሰም ይወስናል። ዶሮ ወጥ ከሆነ ሽንኩርቱ ብቻውን ግማሽ ቀን እሳት ላይ ይውላል። ክትፎ ከሆነ ለብ ቢል በቂ ነው። ሁለቱም ድግስ ናቸው፣ ሁለቱም ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ የሚያነዱት እንጨት ግን አይገናኝም። አገርም እንዲሁ በሲሚንቶና በብረት ሊያድግ ይችላል፤ በባንክ፣ በቱሪዝምና በሶፍትዌርም ሊያድግ ይችላል።

ሦስተኛው ምጣዱ ነው። እነዚያኑ 200 እንጀራዎች በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋግሯቸው። ቤት ውስጥ ጭስ የለም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ለወጥ እውነት ይሆናል። በጭስ ጉዳይ ግን ጉልቻው ሲለወጥ ነው ሁሉም የሚለወጠው።

ይህን በሦስት የመክፈል ዘዴ ያስተዋወቁት ጂን ግሮስማንና አለን ክሩገር የሚባሉ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁራን ናቸው። ጊዜው 1991 ነው። አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ የነጻ ንግድ ስምምነት ሊፈራረሙ ሲደራደሩ ብዙ ሰው «የአሜሪካ ፋብሪካ ሁሉ ሜክሲኮ ሄዶ አየሩን ያበላሸዋል» ብሎ ሰጋ። ሁለቱ ምሁራን ነገሩን በቁጥር ሊያዩት ተቀመጡ።

«መጀመሪያ እንበልጽግ፣ ከዚያ እናጸዳዋለን» ያስኬዳል?

ግሮስማንና ክሩገር ያገኙት ነገር በኋላ ዝነኛ ሆነ። ከተሞች ውስጥ ያለውን የሰልፈር ጋዝና የጭስ ብናኝ ከአገሮቹ ገቢ ጋር አስተያዩት። ድሃ አገር ሀብታም መሆን ሲጀምር አየሩ ይቆሽሻል። የሆነ ገቢ ላይ ሲደርስ ግን እየጸዳ ይሄዳል። በወረቀት ሲሳል እንደ እንጦጦ ነው፤ ዳገት ወጥታችሁ ከዚያ ቁልቁለት ትወርዳላችሁ። ኩርባው በሲሞን ኩዝኔትስ ስም ይጠራል። ኩዝኔትስ ራሱ ግን ስለ ጭስ አልጻፈም። በ1955 ያጠናው የሀብት ልዩነትን ነበር፤ ቅርጹ ስለተመሳሰለ ነው ስሙ የተወሰደው።

ብዙ ፖለቲከኛ ይህን ኩርባ ይወደዋል። «ዝም ብላችሁ እደጉ፣ የቀረው ራሱ ይስተካከላል» የሚል ይመስላልና። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይላላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሰልፈር ጭስ የራስን ዓይን ያቃጥላል፣ የራስን ልጅ ያስላል። ሕዝቡ ይጮኻል፣ መንግሥት ሕግ ያወጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ማንንም አያስልም። ከሻንጋይ ቢወጣ፣ ከሂዩስተን ቢወጣ፣ ድርቁ ቦረናም ሊመጣ ይችላል። ጎረቤት የሚጮህበት ነገር ስላልሆነ በራሱ ጊዜ አይወርድም። ኳታርን አስታውሱ፤ ሀብት ብቻውን ቁልቁለቱን የሚያስጀምር ቢሆን የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች።

የወረዱ አገሮች ግን አሉ። ብሪታንያ ከ1990 ወዲህ ኢኮኖሚዋ በብዙ አድጎ ልቀቷ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ዋናው ሥራ የተሠራው በመብራት ላይ ነው። በ2012 ከኤሌክትሪኳ 40 በመቶ ገደማው ከድንጋይ ከሰል ይመጣ ነበር። የመጨረሻው የከሰል ጣቢያ በመስከረም 2024 መጨረሻ ተዘጋ። ምጣዱን ቀየሩት ማለት ነው። ግን አንድ «ግን» አለ። ብሪታንያውያን ድሮ አገራቸው ይሠራ የነበረውን ብዙ ዕቃ አሁን ከውጭ ነው የሚገዙት። የዚያ ዕቃ ጭስ በእነሱ መዝገብ የለም። እሱ ሲደመር ቅናሹ አለ፣ ግን ያንሳል።

የውጭ ኩባንያ የሚመጣው ቆሻሻውን ሊጥልብን ነው?

ይህ ጥርጣሬ የቆየ ነው። ሀብታም አገር ሕግ ሲጠብቅ ቆሻሻ የሚያወጣው ፋብሪካ ሕጉ ወደላላበት ድሃ አገር ይሸሻል የሚል ነው። በተቃራኒው ደግሞ የውጭ ኩባንያ የተሻለ ማሽንና የተሻለ አሠራር ይዞ ስለሚመጣ አካባቢውን ያጸዳል የሚሉ አሉ። ጥናቶቹ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ያገኛሉ፤ እንደ አገሩና እንደ ዘርፉ።

ለአብዛኛው ኩባንያ ግን የአካባቢ ሕግ ዋናው ጉዳይ አይደለም። ደመወዝ፣ ወደብ፣ መብራት፣ ገበያና ሰላም ይቀድማሉ። ሐዋሳን እዩ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2016 ሲመረቅ ትልልቅ የልብስ ስሞችን የሳበው ርካሽ ጉልበት፣ ርካሽ መብራትና ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መላክ ነበር። በጥር 2022 አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከዚህ የቀረጥ ነጻ ዕድል ስታስወጣ ነገሩ ተለወጠ፤ የወጡ አሉ፣ ሥራ የቀነሱ አሉ። ስለ ፓርኩ ጭስ ተጨንቆ የወጣ ግን አልነበረም።

በነገራችን ላይ ሐዋሳ ብዙ ሰው የሚያደበላልቀውን ነገር ለመለየት ትጠቅማለች። ፓርኩ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም፣ ወደ ሐይቁ እንዳይለቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን የውኃ ጉዳይ እንጂ የካርቦን ጉዳይ አይደለም። ማጣሪያው ራሱ መብራት ይበላል። መብራቱ ከድንጋይ ከሰል ቢሆን ኖሮ ሐይቁን እያጸዱ አየሩን ማቆሸሽ ይሆን ነበር።

አሁን ያንን ዶሃ የሄደ ዘመድ እንመልሰው። ቬትናም ውስጥ ያለ የልብስ ስፌት ፋብሪካና ሐዋሳ ውስጥ ያለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ አንድ ዓይነት የስፌት መኪና፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ሊኖራቸው ይችላል። ቬትናም ከመብራቷ ግማሽ ገደማውን የምታገኘው ከድንጋይ ከሰል ነው። ኢትዮጵያ ከሞላ ጎደል ሁሉንም የምታገኘው ከውኃና ከነፋስ ነው። ባለሀብቱ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ሶኬቱ ግን ሌላ ነው። እኔ ይህን ነገር ስከታተል የተረዳሁት ይህንን ነው፤ የውጭ ገንዘብ የራሱ ጭስ የለውም፣ የተሰካበትን ሶኬት ጠባይ ይይዛል።

አበባም ጥሩ ምሳሌ ነው። ጽጌረዳ ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ በአውሮፕላን ይሄዳል። አውሮፕላን ደግሞ ብዙ ነዳጅ ይበላል። ስለዚህ ሆላንድ ውስጥ የበቀለው ይሻላል ትላላችሁ። በ2007 የእንግሊዙ ክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ የኬንያንና የሆላንድን ጽጌረዳ አወዳደረ። 12 ሺህ ዘንግ የኬንያ አበባ ከነበረራው 2.2 ቶን ገደማ ልቀት ነበረው። የሆላንዱ 35 ቶን። ሆላንድ ውስጥ ያንን አበባ በክረምት ለማብቀል ትልቅ የመስታወት ቤት በጋዝ ማሞቅ፣ በአምፖል ማብራት ያስፈልጋል። የኬንያዋ ናይቫሻና የእኛዋ ባቱ (ዝዋይ) ላይ ፀሐይዋ በነጻ ትሠራዋለች። የሆላንድ ገበሬዎች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጡ ካርቦን አስበው አይደለም። ፀሐይ ርካሽ ስለሆነች ነው።

ታዲያ የኢትዮጵያ መብራት ንጹሕ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው?

አላለቀም። መብራቱ ንጹሕ መሆኑ እውነት ነው። ጊቤ 3 ብቻውን 1,870 ሜጋ ዋት ነው። በ2025 በጳጉሜን የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለ። ዋናው ምክንያት ለነዳጅ በየዓመቱ የሚወጣው ቢሊዮኖች ዶላር ነበር፤ አየሩም አብሮ ተጠቀመ።

ግን ግማሽ ገደማ ሕዝብ መብራቱን አያገኝም። ምጣዱ ዛሬም የእንጨት ነው። ግድቡ ዋት ሲጨምር ገጠር ያለች እናት ኩበቷን አትጥልም፤ ምሰሶና ሽቦ ደጇ መድረስ አለበት።

ሌላው ሲሚንቶ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ተቃጥሎ ነው። ለእሳቱ የድንጋይ ከሰል ይነዳል። ድሮ በብዛት ከደቡብ አፍሪካ ይገባ ነበር፤ አሁን ዶላር ለማዳን የአገር ውስጡ እየተተካ ነው። ከሰሉ አንድ ነገር ነው። የሚገርመው ግን ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ያዘለ መሆኑ ነው። አንድ ኩንታል ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል። ከሲሚንቶ ልቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይህ ከድንጋዩ የሚወጣው ነው። ነገ እሳቱን በሕዳሴ መብራት ብትተኩት እንኳ ድንጋዩ መተንፈሱን አይተውም። ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ የሚመጣውም ለዚህ ነው።

የውጭ ገንዘብ በብዛት ከገባባቸው ዘርፎች አንዱ ደግሞ ይኸው ነው። የናይጄሪያው ዳንጎቴ ሙገር አካባቢ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት ፋብሪካ በ2015 ከፈተ። ሰሜን ሸዋ ለሚ ላይ የኢትዮጵያና የቻይና ኩባንያዎች በጋራ የሠሩት ግዙፍ ፋብሪካ በ2024 ተመረቀ። አንድ ቶን ሲሚንቶ በዓለም አማካይ 0.6 ቶን ገደማ ይለቃል። 2.5 ሚሊዮን ቶን ሙሉ በሙሉ ቢመረት 1.5 ሚሊዮን ቶን ልቀት ነው። ከ650 ሚሊዮን ሊትር ቤንዚን የሚወጣው ያህል መሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናው የሚያድነውን አንድ ፋብሪካ ሊበላው ይችላል።

ይህን ስል ሲሚንቶ ይቅር ማለቴ አይደለም። ትምህርት ቤትና ሆስፒታል በጭቃ አይሠራም። የሕዳሴ ግድብ ራሱ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት ነው። ያ ኮንክሪት የለቀቀውን ግድቡ ንጹሕ መብራት እየሰጠ ይከፍለዋል። ሰው የማይገባበት ባለ 20 ፎቅ ሕንጻ ግን የሚከፍለው ነገር የለም። አዲስ አበባ ላይ ቀና ብሎ ያየ ይህን ያውቃል።

ጭሱ በማን ስም ይመዘገባል?

ሕጉ ቀላል ነው፤ ጭሱ በወጣበት አገር ስም። ባለቤቱ ማንም ይሁን፣ ዕቃውን የሚገዛው ማንም ይሁን። ለሚ ላይ የወጣው የኢትዮጵያ ነው።

ይህ አቆጣጠር ምን ያህል እንደሚያሳስት ቻይና ታሳያለች። በ2001 መጨረሻ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ስትሆን ዓመታዊ ልቀቷ 3.5 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነበር። የዓለም ፋብሪካ ወደ እሷ ጎረፈ፣ መብራቷ ደግሞ የድንጋይ ከሰል ነበር። ዛሬ ልቀቷ ከ11 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው። በ2005 ከቻይና ልቀት አንድ ሦስተኛ ገደማው ወደ ውጭ ለሚላክ ዕቃ የወጣ እንደሆነ ተሰልቷል። መርካቶ የተሸጠው ራዲዮ፣ ሎንዶን የተሸጠው ቴሌቪዥን፤ ጭሳቸው ቻይና ላይ ተጻፈ። አሁን አዲስ አበባ ላይ ያለ ድምፅ የምትሄደው የቻይና የኤሌክትሪክ መኪናም ባትሪዋ ሲሠራ የለቀቀችውን እዚያው ትታ ነው የመጣችው።

ማንም የማይወስደው ጭስም አለ። የዓለም አቀፍ በረራና የባሕር መርከብ ነዳጅ በየትኛውም አገር ድምር ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው ነው የሚመዘገበው።

የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ አዲስ ዘዴ ጀምሯል። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ማዳበሪያና መሰል ዕቃ ከውጭ ሲገባ ውስጡ ያለው ካርቦን ይቆጠራል፤ ከ2026 ጀምሮ ደግሞ ይከፈልበታል። ኢትዮጵያ እነዚህን ወደ አውሮፓ ብዙም ስለማትልክ ለጊዜው አያሳስባትም። እኛን በቅርብ የሚነካው ሌላው የኅብረቱ ሕግ ነው። ቡና ደን ተመንጥሮ በተተከለበት መሬት ላይ እንዳልበቀለ ማስረጃ የሚጠይቅ ሕግ አውጥተዋል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ደጋግሞ ቢራዘምም ላኪዎቻችን የገበሬውን ማሳ በስልክ ካርታ ሲያነሱ ከርመዋል። የግማሽ ሄክታር ገበሬ ማሳም ቢሆን የት እንዳለ በካርታ መታየት አለበት።

ልቀት ለመቀነስ ራሱ የውጭ ገንዘብ ያስፈልጋል?

አዎ፣ ያውም ብዙ። ኢትዮጵያ በ2011 የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ስታወጣ ልቀቷ 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ተብሎ ተገመተ። ከዚህ ውስጥ ከአምስት እጅ አራት እጅ የሚበልጠው ከእርሻ፣ ከከብትና ከደን ምንጠራ ነው። ፋብሪካ፣ መኪናና መብራት ተደምረው አንድ አሥረኛ ያህል እንኳ አይሞሉም ነበር። በ2021 ለተባበሩት መንግሥታት ባቀረበችው ዕቅድ ደግሞ ዝም ከተባለ በ2030 ልቀቱ 403.5 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል አለች። ከዚያ ላይ 68.8 በመቶ እቀንሳለሁ ብላ ቃል ገባች።

ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ከ68.8 በመቶው በራሷ አቅም የምትቀንሰው 14ቱን ነው። ቀሪው የውጭ ድጋፍ ከመጣ ነው። ዕቅዱ 316 ቢሊዮን ዶላር ይፈልጋል፤ ከዚህ 80 በመቶው ከውጭ ይጠበቃል። በዓመት ሲካፈል 25 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ወደ አገሪቱ የሚገባው የውጭ ኢንቨስትመንት ግን፣ ስፌቱም ሲሚንቶውም አበባውም ተደምሮ፣ በደህና ዓመት 4 ቢሊዮን ዶላር ቢደርስ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ዕቅዱ ምን ያህል በሌላ ሰው ኪስ ላይ እንደቆመ ያያል።

ለካርቦን ተብሎ የመጣ የውጭ ገንዘብ ምን እንደሚመስል ማየት ለፈለገ ወላይታ ውስጥ ሁምቦ አለች። ተራራው ለከሰልና ለማገዶ ተመንጥሮ ተራቁቶ ነበር። በ2006 ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከ2,700 ሄክታር በላይ መሬት ከከብትና ከመጥረቢያ ከለሉ። በብዛት ችግኝ አልተከሉም። መሬት ውስጥ በሕይወት ከነበረው ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየመለመሉ አሳደጉት። ዛፉ ሲያድግ የሚይዘው ካርቦን ተለካ፣ በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ተመዘገበ፣ የዓለም ባንክ ፈንድ ገዛው። ከገንዘቡ ወፍጮ ቤትና የእህል መጋዘን ተሠራ። ጉቶው ግን ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊትም እዚያው ነበር።